ቀይዋን ሳልጫን

አዲስ ስልክ ለገዛ ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ይባላል። መቱ ከተማ ውስጥ ለእኔ ያላለኝ የለም። አሁን ሳስበው፣ አንድ አስተዋይ ሰው ጠጋ ብሎ «እግዜር ያጽናህ» ቢለኝ ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር።

ከአሮጌው ስልኬ ልጀምር፤ ጥፋቱ የእሱ ነውና። (ይህን ዓረፍተ ነገር አንድ ጀማሪ ጋዜጠኛ ጽፎ ቢያመጣልኝ «ማስረጃህ የት አለ?» ብዬ እመልስለት ነበር። ለዛሬ ይለፈኝ።)

ያ ስልክ የኋላ ሽፋኑ በላስቲክ የታሰረ፣ የፊቱ መስታወት እንደ ክረምት መንገድ የተሰነጣጠቀ ነበር። ሲሞቀው ሳልነካው ይጽፋል። አንድ ጊዜ ለአንድ የተከበሩ የዞን ኃላፊ «ሀሀሀሀ» የሚል መልእክት ልኮላቸው፣ ከዚያ በኋላ ቃለ መጠይቅ ሲሰጡኝ በስስት ሆነ። ሌላ ጊዜ የውሃውን ድምፅ ለሬዲዮ ልቀዳ ሶር ፏፏቴ ድረስ ወርጄ፣ ቢሮ ተመልሼ ስከፍተው የተቀዳው «ይሄ ነገር ይሠራል?» የሚለው የራሴ ጥያቄ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፏፏቴው ይሠራ ነበር።

ከሁሉም የከፋው ግን ማንም እንደ በሽታ ያልቆጠረው ጸባዩ ነው። ተነጋግሬ ስጨርስ፣ ስልኩን ከጆሮዬ ገና ሳነሳው ባትሪው ከቦታው ይንሸራተትና ድርግም ብሎ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ስልክ መዝጋት የሚባል ነገር ከሕይወቴ ወጣ። ያቺ ቀይ የመዝጊያ ምልክት ለእኔ እንደ መኪና ትርፍ ጎማ ነበረች፤ መኖሯን አውቃለሁ፣ አውርጃት ግን አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር ስልኩ የጠቀመኝም ነገር ነበር። ቀጠሮ ቢቀር «ስልኬ ነው»፤ ለቅሶ ባልደርስ «ስልኬ እኮ ነው»። ባለቤቴ አልማዝ «ይሄ ስልክ ሞተ ስትል የኖርክ፣ እስቲ አንድ ቀን ቅበረውና ሰልስቱን እንብላ» ትለኝ ነበር። አልሰማኋትም። ያዮ ሄጄ ከጫካ ቡና ለቃሚዎች ጋር ግማሽ ቀን ያወራሁትን ወሬ በሙሉ ውጦ ሲያስቀርብኝ እንኳ ላስቲኩን ነው የቀየርኩት።

ያስለወጠኝ ፈይሳ ነው። ፈይሳ በመሥሪያ ቤታችን የእኔ የበታች ጋዜጠኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሥራው ጥንቅቅ ያለ ልጅ። አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመና ጆሮው እስኪቀላ ካፈረ በኋላ፣ ጎሬ የምትኖረውን ሰላምን ሊያገባ እንደሚፈልግ፣ ሽማግሌ ሆኜ አባቷ ዘንድ እንድሄድለት ለመነኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩት። ሄደና ተመለሰ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርዎት።»

«በል።»

«ስልኩን ቢቀይሩልኝ። የሰላም አባት ሲደውሉልዎ ጠፍቶ እንዳያገኙት ብዬ ነው። ሰውየው ንቀት አይወዱም።»

ሰው ለሽምግልና ሲመረጥ ሽበቱ ይታያል፣ አንደበቱ ይታያል። የእኔ ግን ስልኬም ታየ። በዚያው ሳምንት ብርሃኔ ዘንድ ሄድኩ። ብርሃኔ የስልክ ሱቅ ያላት፣ ከዕቃዋ በፊት ምላሷን የምትሸጥ ሴት ናት።

«ይሄን ውሰድ» አለችኝ፣ አንዱን በሁለት እጇ አቅፋ እንደ ሕፃን እያቀበለችኝ። «ይሄ ብትጥለው አስፋልቱ ነው የሚሰነጠቅ። ኔትወርክማ ሶር ገደል ውስጥ ብትገባ ተከትሎህ ይገባል። ና፣ አጠቃቀሙን ላሳይህ። ሲደወልልህ እንዲህ ታነሳለህ፣ ስትጨርስ እንዲህ ትዘጋ...»

«ብርሃኔ» አልኳት፣ በዕድሜዬና በሙያዬ ልክ ረጋ ብዬ፤ «እኔ ቴፕ በትከሻ ተሸክሜ ዜና ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። ስልክ መዝጋት ካስተማርሽኝማ ጡረታዬን ጠይቂልኝ።»

ትከሻዋን ሰበቀችና የወር የድምፅ ጥቅል ሞላችልኝ። ሳወራ ብውል የማያልቅ።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሆነን ተነሣን። መኪናው የጋሼ ሙላቱ ነው፤ ዕድሜያቸውን በሹፍርና የጨረሱ፣ አሁንም ከአሮጌ መኪናቸው ያልተለዩ ሰው ናቸው። ከኋላ ኦቦ ገመቹ ተቀምጠዋል፤ ከግብርና ሥራ በጡረታ የወጡና በአማርኛም በኦሮምኛም ማስታረቅ የሚያውቁ የተከበሩ ሽማግሌ። እኔ ከፊት ነኝ። ከመነሣታችን በፊት ለልጅቱ አባት ለጋሼ ደምሴ ደወልኩላቸው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እንግዲህ ለዚያች ጉዳይ መንገድ ጀምረናል።»

«በደህና ግቡ» አሉኝ።

ድምፃቸው እንደ ደወል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ስልኩን ከጆሮዬ አነሣሁና በኮቴ የውስጥ ኪስ፣ ደረቴ ላይ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩት። ለመቅጃ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ይህን ለጀማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ።

መኪናው መውጣት እንደ ጀመረ ኦቦ ገመቹ «እንከፋፈለው» አሉ። «እኔ ዘሩን እናገራለሁ። ሙላቱ ጸባዩን። አንተ ሥራና ንብረቱን።»

«ንብረት የለውም» አልኩ።

«ማሎ፣ እባክህ! የለውም ተብሎ ይነገራል እንዴ? ቤት በመሥራት ላይ ነው በል።»

«ቦታም የለው፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖር።»

«አሁን ማን ስለ ቦታ ጠየቀህ?» አሉ ጋሼ ሙላቱ መሪውን እያዞሩ።

«ቢጠይቁኝስ?»

«ጣራው ላይ ደርሷል በላቸው። ጣራ ላይ ወጥቶ የሚያይ አማች የለም።»

ሳቅን። እኔ በሥራዬ ያልተረጋገጠ ነገር የማልናገር ሰው ነኝ፤ ሽምግልና ግን ሌላ ሙያ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቀጥሎ የመጠጡ ነገር ተነሣ። ፈይሳ በበዓል ቀን ጠጅ ቀምሶ ሲዘፍን እንደ ሰማሁት ተናገርኩ።

«ድምፁ እንዴት ነው?» አሉ ጋሼ ሙላቱ።

«ከመጠጡ ድምፁ ይከፋል።»

«እንግዲያው እኔ ‹ዘፈን የሚባል አያውቅም› እላለሁ። ይሄ ውሸት አይደለም።»

በዚህ መሀል ከደረቴ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ መጣ። ኦቦ ገመቹ ወደ ፊት ሰገግ አሉ። «ጋዜጠኛው፣ ልብህ እየጮኸች ነው?»

«አዲስ ስልክ ነው፤ እስኪለምድ ነው» አልኩ። አላየሁትም። ሥራ ላይ ስልክ አለማየት የኖርኩበት ሕግ ነው። ደጋግሞ ጢጥ አለ፤ ደጋግሜ ሕጌን አከበርኩ።

ሌላ ጊዜ በየኩርባው የሚጠፋው ኔትወርክ ያን ቀን ከመቱ እስከ ጎሬ እንደ ታማኝ ውሻ ሲከተለን ነው የዋለው።

ጎሬ ሊታየን ሲል ጋሼ ሙላቱ «ሰውየው ምን ይወዳል?» ብለው ጠየቁ።

«ሙገሳ» አልኩ። «አንድ ሁለቴ ካሞገስናቸው ልጅቱን ከነግቢው ይሰጡናል።»

«እንግዲያው ማራቸውን እናሞግስ። የማር ነጋዴ ናቸው አይደል?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር።

«ማሩንስ ተዉት» አልኩ። «ስኳር አለበት።»

«ዱጋ?» አሉ ኦቦ ገመቹ፤ እውነት? ማለታቸው ነው።

«ቀምሼዋለሁ እንጂ! ንቦቹ ዳር ቆመው እያዩ ነው የተሠራው።»

መኪናው ውስጥ የተሳቀው ሳቅ እስከ ጋሼ ደምሴ በር አደረሰን።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ዘመዱም ጎረቤቱም ተሰብስቦ ሁሉም ዝም ብሏል። የልጅቱ እናት እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ከጓዳ የታፈነ ሳል ይሁን ሌላ ነገር ይሰማል። ጋሼ ደምሴ ረዘም ያሉ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሰው ናቸው፤ ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ስልካቸው በፊቱ ተደፍቷል። ተቀመጡ አሉን። እንደ ወጉ አንቀመጥም አልን።

ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው...»

«ግዴለም፣ በተራ ይሁን» አሉ ጋሼ ደምሴ በትሕትና። «ዘሩን እርስዎ ይበሉ። ጸባዩን ጋሼ ሙላቱ። ንብረቱ የጋዜጠኛው ነው መሰለኝ።»

ኦቦ ገመቹ በዓይናቸው ጠቀስ አደረጉኝ። ወግ የሚያውቅ ሰው ገጠመን ማለታቸው ነው። ዘሩን አማረው ተናገሩ። ጋሼ ሙላቱ ተከትለው፣ ልጁ ታዛዥ መሆኑን፣ ሰው አክባሪነቱን ተናግረው «ዘፈን የሚባል ጨርሶ አያውቅም» ሲሉ ጓዳው በሳቅ ፈነዳ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አወጡት። ተራው የእኔ ሆነ።

«ፈይሳ ቤት በመሥራት ላይ ያለ ልጅ ነው» አልኩ፣ ዜና በማነብበት ድምፄ።

«እሰይ። የት ደረሰለት?»

«ጣራው ላይ ደርሷል።»

ጋሼ ደምሴ እጃቸውን ወደ ስልካቸው ዘርግተው ጎኑን ጫን ጫን አደረጉ። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።»

«ጣራው ላይ ደርሷል» አልኩ።

«ጣራው ላይ ደርሷል» አለ ጠረጴዛው።

በሙያዬ የራሴን ድምፅ መልሼ መስማት የዕለት ሥራዬ ነው። ያን ቀን ግን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ስልኩ እንደ ትኩስ ዳቦ ግሏል። አወጣሁት። የጋሼ ደምሴ ስም ፊቱ ላይ ተጽፎ፣ ከሥሩ ሰዓቱ ያለ ማቋረጥ ይቆጥራል። ከላይ የፈይሳ ያመለጡ ጥሪዎችና መልእክቶች ተደርድረዋል። ለካ ሰላም ከጓዳ ሆና ደውላ ነግራው ኖሯል። «ጋሼ ስልኩ አልተዘጋም።» «ጋሼ ስፒከር ላይ አድርገዋችኋል።» «ጋሼ ስለ ፈጣሪ ቀይዋን ይጫኑ።» የመጨረሻው «ማሩን ግን ለምን» ይላል።

በሕይወቴ የሠራሁት አንድም ፕሮግራም እንዲህ ሰው ተሰብስቦ፣ እንዲህ ጸጥ ብሎ አድምጦት አያውቅም።

ቀይዋን ተጫንኩ።

«አሁን ነው የሚዘጋ?» አሉ እትዬ አስካለ፣ እንደ ማዘንም እንደ መቆጨትም ብለው። ፕሮግራሙ ስላለቀባቸው ይመስለኛል።

ኦቦ ገመቹ መሬት መሬት አዩ። ጋሼ ሙላቱ የመኪናቸውን ቁልፍ መቁጠር ጀመሩ። እኔ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፦ መቱ ላይ አንድ ልጅ ስልኩን ጨብጦ ተቀምጧል፤ የላከው ደግሞ እኔን ነው።

«የልጁን ነገር ሰምቻለሁ» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ቤት የለውም፤ እኔም ስጀምር አልነበረኝም። ይዘፍናል፤ ይዝፈን። ለሽምግልና የመጣ ሰው ልጁን እንደዚህ አንጥሮ ሲነግረው የሰማ አባት ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። በዚህ አንጣላም።» ቀጥሎ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ማሬ ግን... እነዚህን ልጆች ያሳደግኩት በእሱ ነው። እንዲህ የሚባልበትን ቤት ልጅ ለማን ልሰጥ ነው? ነገ ልጄ ‹የስኳሩ ሰውዬ ልጅ› ትባል?»

ከጓዳ ሳቁ ጠፋ። ጋሼ ደምሴ ተነሥተው ሄዱና ማር በሳህን ከማንኪያ ጋር ይዘው መጡ። ፊቴ አስቀመጡት።

«ይቅመሱ።»

ቀመስኩ። ቤቱ በሙሉ ጉሮሮዬን ያያል። የጣዕም ነገር ለቀማሽ ይተዋል ይባላል፤ እኔ ግን መናገር አለብኝ። ያ ማር የጫካ አበባ ጠረን ነበረው፤ ወደ መጨረሻው መረር የሚል፣ ከምላስ ላይ አልለቅም የሚል። ስኳር በአጠገቡም አላለፈም።

«በፊት የቀመሱት ከየት ገዝተው ነው?»

«ከመቱ ገበያ። ከአንድ ቸርቻሪ።»

«የደምሴ ነው ብሎ ነገረዎት?»

«አዎ።»

«ከዚያ እኔን ጠየቁኝ?»

ዜና ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ጥያቄ ለስንቱ ኃላፊ፣ ለስንቱ ጀማሪ ጋዜጠኛ አቅርቤዋለሁ። «አልጠየቅኩም» አልኩ።

«እናንተ ቤት ስህተት ሲተላለፍ ምን ይደረጋል?»

«ማስተባበያ ይነገራል።»

«በምን?»

«በዚያው... ስህተቱ በተላለፈበት መንገድ» አልኩ። ገመዱን ገምጄ ያቀበልኩት እኔው ነኝ።

«እንግዲያው ይውጡና ከመኪናው ሆነው ይደውሉ» አሉኝ። ስልካቸውን አቃንተው ጠረጴዛው መሀል አስቀመጡት። «የሰማው ሰው ሁሉ እዚሁ ነው።»

ወጣሁ። ጋሼ ሙላቱ መኪናውን ሊከፍቱልኝ አብረውኝ ወጡ። የፊት ወንበር ላይ፣ ያንኑ ቦታ ተቀመጥኩና ደወልኩ። ከውስጥ ወንበር ሲጎተት፣ «እሽሽ!» ሲባባሉ ይሰማኛል።

«ዛሬ ጠዋት ከመቱ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ላይ» ብዬ ጀመርኩ፤ «ማርን አስመልክቶ የተላለፈው መረጃ ከምንጩ ያልተጣራና ስህተት መሆኑን እየገለጽን፣ በተፈጠረው ሁኔታ የጋሼ ደምሴን ቤተሰብና የተከበራችሁ አድማጮቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

እንደ ሰሌዳ የደረቀ ይቅርታ መሆኑ ለእኔም ታውቆኛል። የሚናገርበት ሌላ ድምፅ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ስልኩን ከጆሮዬ አነሣሁና ኪሴ ከተትኩት።

«አለቀ?» አሉ ጋሼ ሙላቱ።

«አለቀ። እኔም አለቅሁ» አልኩ። ጉልበቴ ላይ አቀረቀርኩ። «ጋሼ ሙላቱ፣ እንዲህ ያለ ማር ቀምሼ አላውቅም። ሰውየው ሽበታቸውን ያበቀሉበትን ነገር፣ እኔ መኪና ውስጥ ሰው ላስቅበት ብዬ...። ፈይሳንስ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ያ ልጅ እኮ የአንዲት ቀበሌ ስም ለማጣራት ሲደውል ይውላል፤ ‹ፍጠን፣ ዜናው ቀዘቀዘ› እያልኩ የምቆጣው እኔ ነኝ። እሱ ቢሆን ኖሮ ማሩ የማን እንደሆነ ቀፎው ድረስ ሄዶ ንቦቹን ይጠይቅ ነበር። የተላከው ሰው ከላኪው አነሰ።»

ጋሼ ሙላቱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞህ። እኔም እኮ ስኳር ነው ስትል አምኜ...» አቋረጡ። ኪሴን አዩ። «ስማ፣ ያን ነገር ዘግተኸዋል?»

አወጣሁት። ሰዓቱ ይቆጥራል።

ከቤቱ ውስጥ የተነሣው ሳቅ ጎሬን በሙሉ ያሰማ ይመስለኛል።

ስመለስ ጋሼ ደምሴ ቆመው ጠበቁኝ። ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ በምን እንደሆነ አላጣራሁም። «ማስተባበያው ደረቅ ነበር» አሉ። «ከማስተባበያው በኋላ ያለው ፕሮግራም ግን ተወዶልዎታል።» ወደ ኦቦ ገመቹ ዞሩ። «በመጀመሪያ ቀን እሺ ማለት የአባት ወግ አይደለም። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቻለሁ። መልሱ እሺ ነው፤ ለልጁ ግን ከቀጠሮው በፊት እንዳትነግሩት።»

«ሰምቷል እኮ አባዬ!» አለች ሰላም ከጓዳ። የእሷም ስልክ አልተዘጋም ነበር።

እንግዲህ ተቀመጥን። ከማሩም ደግመን በላን። በደስታ ተመለስን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ኦቦ ገመቹና ጋሼ ሙላቱ እየዘፈኑ ተመለሱ፤ እኔ ግን ስልኩን አጥፍቼ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እስከ መቱ ድረስ ሳየው መጣሁ። ወሬው ቀድሞን ገብቷል። የባጃጅ ሹፌሩ «ጋሼ፣ ዘግተዋል?» አለኝ። ብርሃኔ ከሱቋ በር ላይ ሆና «ጡረታህን ልጠይቅልህ?» ብላ ጮኸች። አልማዝ ምንም አላለችኝም፤ እራት ስታቀርብ ብቻ ከሳህኑ አጠገብ ያንን አሮጌ ስልክ ከነላስቲኩ አስቀመጠችው። ፈይሳ በማግስቱ ቢሮ ሲመጣ ጆሮው ቀልቶ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ከስድብ ይልቅ ይህ ነው አላስተኛ ያለኝ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ጋሼ ደምሴ ደወሉልኝ። የባጥ የቆጡን አውርተን ስናበቃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጋዜጠኛው፣ አንድ ነገር እውነቱን ይንገሩኝ። የመጀመሪያውስ ረስተው ነው። ሁለተኛውን ግን፣ ያን የመኪናውን፣ አውቀው ነው ያልዘጉት?»

ረስቼ ነው ብል፣ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ የሚረሳ ጋዜጠኛ ነኝ። አውቄ ነው ብል፣ ያ ሁሉ ንስሐ ለአድማጭ የተደረገ ነው። ሰው እውነቱን እንዲናገር ስወተውት የኖርኩ ሰው፣ የኔትወርኩ ምልክት ጢም ብሎ የሞላውን አዲሱን ስልኬን ከአፌ ትንሽ ራቅ አደረግኩት።

«ሃሎ? ሃሎ ጋሼ? ይቆራረጣል... አይሰማም...»

ቀይዋን ተጫንኩ። አንዴም ደገምኳት።